ለመስቀል ሙዱላ የሚወርደው ዲስክ

የቀለም ሽታ ሲሸተኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሌላው ሰው በዓል ደረሰ ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ቁጣ ቁጣ ይለኛል፣ ከቁጣው ሥር ደግሞ ስሙን የማላውቀው ነገር አለ። መስቀል ሲቃረብ ሆሳዕና ሙሉዋን ቀለም ቀለም ትሸታለች። ግድግዳው ይቀባል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ወንበሩ ሳይቀር ደጅ ወጥቶ ይፈገፈጋል። ያሆዴ፣ የሀዲያ መስቀል፣ አሮጌ ነገር አይወድም። ትናንት ቀለም ቀቢዎቹ ሱቄን ሲያድሱ ብሩክ ብቅ አለ። ብሩክ የአከራዬ የእህት ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ፣ ደህና አስተዳደግ ያለው ሰው። ጥጉ ላይ ያለውን ሳጥኔን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና፣

«እትዬ ታደለች፣ ይቺን ነገር ዘንድሮ እንኳ እንጣላት። አሁን እኮ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ ላይ ነው» አለኝ።

«እምቢ።»

«ለምን?»

«በእግርህ ስለነካኸው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳጥን የምለው ሰርቨር ነው፤ የብዙ ሰው ፋይል በአንድ ቦታ የሚያስቀምጥ፣ በገመድ ከየሱቁ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ማሽን። ብሩክ አላውቅ መስሎት ክላውድን አስረዳኝ። እኔ ለዚህች ከተማ ስለ ፋይል አቀማመጥ ማስረዳት ስጀምር እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ቀርቶ ዲስክ ሲመጣ ሞኝነቱን እኔ ተረከብኩ፤ እስከ ዛሬም አለቀቅኩም። ብሩክ ከሄደ በኋላ አዲስ በተቀባው ግድግዳ ፊት ቁጭ ብዬ፣ እጄን ሳጥኑ ላይ አድርጌ፣ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ማኪያቶ ሦስት ብር ነበር፤ አራት ሲገባ ከተማው አንድ ሳምንት አኮረፈ። ጎረምሳው ሁሉ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ ይለብሳል፤ ሞባይሉን በቀበቶው ላይ በቆዳ ከረጢት አንጠልጥሎ እንደ ፖሊስ ነው የሚራመደው። መንግሥት ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ ያወራል፣ እኛም ጥቃቅን መሆናችንን ሳንጠየቅ እናውቅ ነበር። ከመነኸሪያው ወደ ገበያ ስትወርዱ በግራ በኩል የካሴት ቤት፣ በቀኝ በኩል የመዝሙር ቤት ነበር። ሁለቱም ድምጽ ማጉያቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በሀዲይኛ ይለቃሉ፤ አንዱ ሠርግ ያሞቃል፣ ሌላው ንስሐ ያስገባል። የእኛ ሱቆች ከሁለቱ መሀል፣ አንድ ረጅም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ አራት ክፍሎች ነበሩ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከደንበኛ ጋር የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። በጋ ላይ ደግሞ የአቧራው ነገር አይነሳ፤ ማታ ፊታችንን ስንታጠብ ውኃው ሻይ ይመስላል። ዛሬ በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ እኔም ምድር ቤቱ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቻለሁ። ከቦታው አልነቃነቅም አልኩ፣ አልተነቃነቅኩም።

እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቁልፉን ሳላይ በዐሥሩም ጣቴ እመታለሁ። ኮምፒውተር የገባ ዕለት አለቃዬ «ታደለች፣ ይሄ ለወጣቶች ነው» ብሎ ወደ መዝገብ ቤት መራኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በሳምንቱ መልቀቂያዬን ራሴ ታይፕ አደረግሁና ፈርሜ ሰጠሁት፤ አንድ ስሕተት አልነበረውም። አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ተማርኩ፣ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፈትኩ። በቀኜ ፎቶ ቤት ያለው ሸምሱ ነበር፤ የሆሳዕናን ሙሽራ ሁሉ በአንድ በተሳለ ፏፏቴ ፊት ያቆመ ሰው። በግራዬ መምህር ሄራሞ፤ ከማስተማር ጡረታ ወጥተው የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡ፣ የፈተና ወረቀት የሚያዘጋጁ። መጨረሻው ክፍል ማቴዎስ ነበር፤ ማኅተም የሚቀርጽ፣ ባነርና ማስታወቂያ የሚሠራ፣ ከአራታችን ወጣቱ፣ የሙዱላ ልጅ። ሥራችን የተቆላለፈ ነው። ሸምሱ ያነሳውን እኔ የሠርግ ካርድ ላይ አስገባዋለሁ፣ ማቴዎስ አሳድጎ ያትመዋል፣ የመምህርን ፈተና እኔ እተይባለሁ። ፋይሉ ከሱቅ ሱቅ የሚሄደው በፍላሽ ነበር፤ ከፋይሉ ጋር ደግሞ ቫይረሱ። አንድ ቀን የሸምሱ ኮምፒውተር ሙሉ የሠርግ ፎቶ በላ። ሙሽራይቱ ከነእናቷ መጥታ ሱቁ በር ላይ ተቀመጠች፤ ሸምሱ በጓሮ ዘሎ ሄዶ ለሁለት ቀን ሆመቾ እህቱ ቤት ተደበቀ።

ያኔ ነው ሰርቨር እንሥራ ያልኩት። አራታችንም አንድ አንድ ዲስክ እናምጣ፣ ማሽኑን እኔ ከአሮጌ ሲፒዩ እገጥማለሁ፣ ሶፍትዌሩ ነጻ ነው አልኳቸው። ዲስክ ለመግዛት ገና ወፍ ሳይንጫጫ በሚወጣው አውቶቡስ በቡታጅራ አድርጌ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሻጩ የምሠራውን ስነግረው ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሆሳዕና ላይ ሰርቨር? እህቴ፣ መጀመሪያ መብራት ይኑራችሁ» አለኝ። አራታችን ያዋጣነውን ገንዘብ ከፍዬ፣ ዲስኮቹን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጉልበቴ ላይ እንደ ሕፃን ይዤ ተመለስኩ። ገመዱን ለመዘርጋት ሱሪ ለብሼ ጣሪያ ላይ ስወጣ ደግሞ ግማሹ ገበያ ቆሞ አየኝ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ «ምን ሆና ነው?» ስትል ሰማሁ፤ ሸምሱ «ባሏ ታች የለም ብላ ላይ እየፈለገችው ነው» አላት። እውነትም ባል አልነበረኝም። ከላይ ሆኜ የቆርቆሮ ምስማር ወረወርኩበት፣ ሳትኩት።

ያ ማሽን ሲነሳ አራት አረንጓዴ መብራቶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው፤ ለሰው እንደምን አደርክ የምለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑን ከፍቼ በቀለም ብሩሽ አቧራውን አራግፋለሁ፣ ማራገቢያውን በጥጥ እጠርጋለሁ፣ አይጥ ገመዱን እንዳታኘክ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌዋለሁ። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጠው የባትሪ ሳጥን፣ ዩፒኤሱ፣ ሲጮህ ሰምቶ ሮጦ በሥርዓት የሚያጠፋው ተረኛ አለ፤ ለሦስቱም አጠፋፉን አስተምሬያለሁ። መብራት በቀን አምስት ጊዜ ይሄዳል፣ እኛ አምስት ጊዜ እናጠፋለን፣ አምስት ጊዜ እናበራለን። እልክ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ፋይል አልጠፋብንም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሙያ አይቶ «ማን ነው የገጠመላችሁ?» ሲል መምህር ሄራሞ መነጽራቸውን አውልቀው «እኛው ነን» አሉት። የዚያን ቀን የቆሙት አቋቋም አይረሳኝም።

አሠራሩን ለሦስቱም በአልጋ ነበር ያስረዳኋቸው። አልጋ አራት እግር አለው፣ አንዱ ቢሰበር ድንጋይ ደግፈህ ትተኛበታለህ፤ ሁለቱ ከተሰበሩ ግን መሬት ላይ ነህ። ዲስኩም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሦስቱ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ሁለት ከሞቱ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ገባን አሉኝ። እኔ ግን አንድ ስሕተት ሠራሁ፤ እስከ ዛሬ ስሕተቱን በማንም አላሳብብም። እያንዳንዱ ገንዘብ ያወጣበት ዲስክ ይታወቅለት ብዬ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ሸምሱ»፣ «መምህር»፣ «ማቴዎስ»፣ «ታደለች» ብዬ ጻፍኩበት። በእኛ አገር ስም የተጻፈበት ዕቃ የባለስሙ ነው። የድግስ ሳህን እንኳ ከሥሩ በቀለም ስም አለው፤ ድግሱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሳህን ወደ ባለቤቱ ቤት ይመለሳል።

መስቀል ደረሰ። መስቀል በእኛ አገር ከተማን ባዶ ያደርጋል፤ ሀዲያውም ከምባታውም፣ ሱቅ ያለውም የሌለውም፣ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ስኳርና ቡና ሸክፎ ወደ ትውልድ ቀዬው ይወርዳል፤ ሸምሱን የመሳሰሉት ሙስሊሞችም የዘመድ ጥየቃቸውን ከዚያው ጋር ያደርጉታል። ሌላ ዓመት ሱቁን መጨረሻ የምዘጋው እኔ ነበርኩ፤ ያን ዓመት ግን አባቴ ታሞ ስለነበር ቁልፌን ለጎረቤቶቼ ትቼ ከሁሉም ቀድሜ ሆመቾ ወረድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ሱቁ ታጥቧል፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሰርቨሩ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። ውስጡ አንድ ዲስክ ብቻ፤ «ታደለች» የሚለው። የሚለቀው ቀለም ላይ ተደግፌ ቁጭ አልኩ፤ የቀሚሴ ጀርባ እስከ መጨረሻው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ሌባ አልነበረም። የመጀመሪያው ሸምሱ መጣ፤ ፊቱ ቅቤ በልቶ ወዝቷል፣ በብብቱ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። «በመስቀል ከተማው ባዶ ነው፣ ሌባ ይፈታል፣ የየራሳችንን ይዘን ብንሄድ ይሻላል ተባባልን» አለኝ። «አታስቢ፣ ማሽኑን እንዳስተማርሽን በሥርዓት አጥፍተን ነው። ያንቺን ያንቺ ነው ብለን አልነካንም። እኔ የራሴን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት።» በሥርዓት አጥፍተው፣ በሥርዓት በታትነውታል። ሳህን ነው የመሰላቸው። የሸምሱ ፎቶ የሸምሱ ዲስክ ውስጥ፣ የመምህር ፈተና የመምህር ዲስክ ውስጥ። እያንዳንዷ ፎቶ ተቆራርሳ በአራቱም ላይ እንደተበተነች ማን ነገራቸው? እኔ ስለ አልጋ ነበር የነገርኳቸው።

በማግስቱ መምህር ሄራሞ ከሀቢቾ መጡ። ዲስካቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ በክብር አስቀመጡት። ፈታሁት። ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ነጩ ፕላስተር ቡናማ ሆኗል፣ ከሥሩ ቅባት ነገር ወርዷል።

«መምህር፣ የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ነዋ። የዘር በቆሎ የምንሰቅልበት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ነቀዝ ነክቶት አያውቅም።»

«ነቀዝማ አልነካውም» አልኳቸው።

ሰካሁት። ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለና ዝም አለ። በበዓል ድግስ ሰሞኑን ሙሉ እሳት ሳይጠፋ፣ ሥጋው ሲጠበስ፣ ቡላው ሲነኮር፣ ዲስኩ እዚያ ላይ ሲታጨስ ከርሟል። መምህር መሞቱን ከፊቴ አነበቡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ልጮህባቸው አስቤ ነበር፣ ባርኔጣውን ሳየው ተውኩት። አንድ እግር ሄደ። አሁን ሦስቱ የግድ መኖር አለባቸው፤ የእኔ፣ የሸምሱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ማቴዎስ ጋር ሙዱላ ነው። ማቴዎስ ግን አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። ድምጹ የእሱ አይመስልም። ታናሽ ወንድሙ ተመስገን ከዓመት በፊት ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የተነሳው፤ እንደ ሌላው የእኛ አገር ጎረምሳ፣ በደላላ፣ አገር እያቋረጠ። መንገድ ላይ መሞቱና እዚያው መቀበሩ የተሰማው በበዓሉ ሰሞን ነው። አስከሬን የለም። እንዲህ ሲሆን በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሚለቀሰው በፎቶ ነው፤ ፎቶው አድጎ፣ ድንኳኑ መሀል ቆሞ፣ ልብሱ አጠገቡ ተሰቅሎ። የተመስገን ፎቶ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል የተፈተነበት ወረቀት ላይ ያለ ጉርድ። «እናቴ እምቢ አለች» አለኝ ማቴዎስ። «ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ከሀደሮም ከዱራሜም መጥቷል፣ እሷ አላለቅስም አለች። ሽማግሌ ለመናት፣ ፓስተሩ ለመናት። ይሄ የትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ የሞተብኝ ጎልማሳ ነው፣ የጎልማሳውን ፊት ሳላይ እንባዬን አላወጣም ነው የምትለው። አራተኛ ቀኗ ነው። እህልም አትቀምስ። ተመስገን ሲሄድ ሸምሱ አንስቶት ነበር አይደል? ሸምሱ ጋር ይኖራል አይደል?»

ሸምሱ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። አንስቶታል። ለፓስፖርት ጉርድ፣ ለማስታወሻ ደግሞ ቁመት ሙሉ። የታተመውን ልጁ ይዞት ሄደ። የፊልም ዘመን ቢሆን ኔጋቲቭ ይገኝ ነበር፤ ሸምሱ ግን ፊልም ትቶ በዲጂታል ካሜራ ነበር የሚያነሳው፣ ሁሉንም ሰርቨሩ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። እኔ ስላልኩት ነው። የራስህ ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጥ፣ እኔ ጋር አይጠፋም፣ ብዬ ምዬ ተገዝቼ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ።

ዲስኮቹን የሸጠልኝን የአዲስ አበባ ሰው ደወልኩለት። የሆነውን ሁሉ ሲሰማ አሁንም ሳቀ፤ ግን ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ቆጥ ላይ? እህቴ፣ ተስፋ ቁረጪ። ሦስተኛው ደግሞ የት እንደከረመ ማን ያውቃል። ቢገኝም ወደ እኔ ላኪው፣ በወር በሁለት ወር እናየዋለን። ደግሞ እኮ ነግሬሽ ነበር፣ ሰርቨር ለእናንተ ዓይነቱ ቦታ አይሆንም።» ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እናትየዋ በወር በሁለት ወር የምታለቅስ ሴት አይደለችም። እኔም ለእኛ ዓይነቱ ቦታ አይሆንም ተብዬ የምተው ሴት አይደለሁም፤ ቢሆንማ ኖሮ መዝገብ ቤት ጡረታዬን እወስድ ነበር። ክዳኑን ገጠምኩ፣ ማሽኑንና ዩፒኤሱን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። ሸምሱ ትንሿን የፎቶ ማተሚያ ያዘ። መምህር ወንድማቸው የላከላቸውን ላፕቶፕ አምጥተው «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ተዉ፣ መንገዱ ይከብዳል ብላቸው አልሰማ አሉ። ሸምሱ ለለቅሶ የሚሆን ልብስ ስላልነበረው ስቱዲዮው ምስማር ላይ የሚሰቀለውን፣ ኮት የሌለው ደንበኛ ሁሉ ለብሶ የሚነሳበትን ግራጫ ኮት ነው የለበሰው፤ እጅጌው ያጥረዋል።

በማለዳው መኪና ወጣን። ዱራሜ ላይ መኪና ቀየርን፤ ረዳቱ «ምንድን ነው ብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው?» ሲለን መምህር «በሽተኛ» አሉት፣ ከዚያ በኋላ እየተጠነቀቀ ጫነልን። ከሀደሮ ወዲያ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ መኪናው ሲነጥር ማሽኑን እኔና ሸምሱ ጉልበታችን ላይ አቅፈን እኛ ብቻ እንነጥራለን። እንሰቱ በመንገዱ ዳር ዳር ታጥቦ አረንጓዴ ነው፣ የመስቀል አበባ ሜዳውን አልብሶታል፣ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሷል። የሚያምር ቀን ነበር፤ በጣም ተናደድኩበት።

ሙዱላ ስንደርስ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፣ ድምጽ ግን የለም። ለቅሶ ቤት ዝም ሲል እንደሚያስፈራው ምንም አያስፈራም። የማቴዎስ እናት እማማ ዳመነች ደጅ፣ ከግንድ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ቀጭን ሴት፣ ጀርባቸው የቀና፣ ዓይናቸው የደረቀ። ማቴዎስ ማን እንደሆንን በቋንቋቸው ነገራቸው። ዲስኩ የት ነው አልኩ። እሳቸው ከአንገታቸው ላይ ቁልፍ ፈትተው ወደ ቤት ገቡና በአዲስ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ልጃቸው በበዓሉ ሲመጣ «የሥራዬ ነፍስ ነው» ብሎ ስለሰጣቸው የልብስ ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። ፈታሁት፤ እንደተወለደ ነው፣ ጭረት የለበትም። እማማ ዳመነች እጄን ይዘው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ማቴዎስ ተረጎመልኝ።

«ልጄ እዚህ ውስጥ አለ ወይ? ትላለች።»

ማጽናኛ መናገር አላውቅበትም። ያለውን ነገርኳቸው። «ከፊሉ እዚህ አለ እማማ። የቀረውን እኔና ሸምሱ ይዘነው መጥተናል።»

ጭንቅላታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ለእሳቸው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሦስቱ ጎረቤቶቼ ማስረዳት ያቃተኝ በአንዴ ገባቸው።

መብራት ከሄደ ቀናት ሆኖታል። ከቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ጄኔሬተር በጋሪ አስመጡልን፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል በዩፒኤስ አሳልፌ ሰካሁት። ከድንኳኑ ጎን ጠረጴዛ ተዘጋጀ። ሦስቱን ዲስክ በየቦታቸው አስገባሁ፣ የመምህርን ቦታ ባዶ ተውኩት። ማሽኑን ሳስነሳ ያ ሁሉ ሰው ዙሪያዬን ቆሟል፤ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ «የሞተን ሰው ከብረት ውስጥ ማውጣት ደግ ነገር አይደለም፣ ይቅር» አሉ። ዞር አልኩ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለማስቀመጥ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ የማወጣውም እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንደኛው አረንጓዴ በራ። ሁለተኛው በራ። ሦስተኛው ብልጭ አለና ጠፋ፤ ሸምሱ ትከሻዬን ጨበጠኝ። ገመዱን ነቅዬ፣ ጫፉን በቀሚሴ ጠርጌ፣ መልሼ ሰካሁት። በራ። አራተኛው ቀይ ነው። ማሽኑ ጎደሎ ነኝ አለኝ፤ በጎደሎህ ተነሳ ብዬ አዘዝኩት፣ ተነሳ።

ሸምሱ በመምህር ላፕቶፕ ላይ የፎቶውን ፎልደር ከፈተ። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ጉርዱ ሁሉ አለ። ከዚያ ተመስገን መጣ። ፏፏቴው ፊት ቆሟል፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሳይስቅ፤ አዲስ ጢም አብቅሏል፣ እንዲታይለት ፈልጓል። ማተሚያው ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ አወጣው፤ ፀጉሩን፣ ግንባሩን፣ ዓይኑን። እማማ ዳመነች ሳይደርቅ ተቀበሉት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ልጁ በለበሰው ኮት ላይ አደረጉና ቀና ብለው ሸምሱን አዩ። ያው ሸምሱ የለበሰው ግራጫ ኮት ነው። ሦስት ቁልፍ፣ አንዱ ከሌሎቹ የሚለይ። ሸምሱ አወለቀና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ልጁ ልብሱን ሁሉ ሸጦ ለደላላ ከፍሎ ነበር የሄደው፤ ለለቅሶው የሚሰቀል አንድ ልብስ ቤት ውስጥ አልነበረም። እማማ ዳመነች ኮቱን ፊታቸው ላይ አድርገው ሽታውን ወደ ውስጥ ሳቡት። ከዚያ ያ የታገደው ድምጽ ወጣ። ድንኳኑ ሁሉ ተከተላቸው። እኔም አለቀስኩ፣ ሳላፍር፣ የማሽኑ ማራገቢያ አጠገቤ እያጉረመረመ።

አንድ ሽማግሌ ኋላ ላይ «ፎቶውን ካገኛችሁ ብረቱን ጣሉት» ብለው ነበር። አልጣልኩትም። ሆሳዕና ተመልሼ የሞተውን ዲስክ በአዲስ ተካሁ፣ ፕላስተሮቹን ሁሉ ላጥኩ፣ ከዚያ ወዲህ ዲስክ ላይ ስም ጽፌ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ግን የተሳሳቱት በአንድ በኩል ብቻ እንደሆነ ገባኝ። በመስቀል ያለህን ሁሉ በባዶ ከተማ ትተህ አትሄድም ያሉት ልክ ነበሩ፤ ልክ ያልነበረው አልጋውን መቆራረጣቸው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በመስቀል ዋዜማ ያለንን ፋይል ሁሉ በአንድ ትልቅ ዲስክ ላይ ሙሉውን እገለብጥና ሙዱላ አወርደዋለሁ፤ የአምናውን ይዤ እመለሳለሁ። እማማ ዳመነች የልብስ ሳጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። ቆጥ ላይ አይደለም። አሁን ፎቶ ቤቱን የያዘው የሸምሱ ልጅ ነው፤ መምህርም አርፈዋል። ኢንተርኔት ለሳምንታት ድራሹ የጠፋበት ጊዜም አልፏል፤ ያኔ የብሩክ ክላውድ የት እንደነበር አልጠየቅኩትም፣ ልጠይቀው ግን አስባለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አሮጌው ማሽን በመብረቅ ሲቃጠል ሁሉንም የመለስኩት ከሙዱላው ሳጥን ነው። ትናንት ብሩክ በእግሩ የነካው አዲሱን ማሽን ነው፤ እሱ እንጣላት ያለውን።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እማማ ዳመነች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አማርኛቸው ግን ከዓመት ዓመት እየጠራ ነው። እንደምን ነሽ የለ፣ በዓሉ እንዴት ነው የለ፤ በየዓመቱ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ታደለች፣ ልጄን መቼ ነው የምታመጪልኝ?»

ቀለሙ ሸተተኝ። ጥርሴን ነከስኩ።

«ነገ እማማ። በመጀመሪያው መኪና።»